መዝገቡን በቃላቸው የያዙት ሰው

የኡስታዝ ይመርን መሞት የሰማሁት በስልኬ ነው። ካይሮ፣ ሞሃንዲሲን ሰፈር የምሠራላት ማዳም ወጥታ ነበር፤ እኔ ኩሽና ቆሜ ሩዝ እለቅማለሁ። ስልኬ ሲንጫጫ እጄን በሽርጤ ጠርጌ ከፈትኩት። በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ፎቷቸው ተለጥፏል። ከኋላቸው የአገራችን ባንዲራ ይውለበለባል፣ ከግርጌ ሻማ በርቷል፣ «የሕዝብ አምባሳደራችንን አጣን» ይላል ጽሑፉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የደነገጥኩት በመሞታቸው ሳይሆን በባንዲራው ነው። ፎቶውን አውቀዋለሁ፤ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ናስር ሲቲ፣ ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር፣ የፉል ሻጩ ጋሪ አጠገብ ቆመው ነበር። ከኋላቸው የነበረው ባንዲራ ሳይሆን የፉል ማሰሮ ነው። አንዱ ቁጭ ብሎ ማሰሮውንም ጋሪውንም አጥፍቶ ባንዲራ ተክሎባቸዋል።

መልሼ ሳነበው ነው መሞታቸው የገባኝ። ሩዙ ላይ አለቀስኩ። ማዳም ስትመጣ «ሽንኩርት ነው» አልኳት፤ በዚያን ቀን ግን ቤቱ ውስጥ አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

ባንዲራውን ማን እንደተከለባቸው አውቃለሁ። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት እሳቸው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ባንዲራው ብቻ ይቀራል።

ኡስታዝ ይመር የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለዲን ትምህርት ካይሮ መጡ፣ ተማሩ፣ ጨረሱ፣ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስንጠይቃቸው «አውቶቡስ አመለጠኝ» ይሉናል። ናስር ሲቲ አንዲት ክፍል ተከራይተው ልጆችን ቁርኣን ያስቀራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ከጀለቢያቸው በላይ ቡናማ ኮት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ ተምር አይጠፋም። እስክሪብቶ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቼባቸው አላውቅም።

ወደ እኛ ያመጣቸው ሬሳ ነው። ካይሮ ዳር፣ ሸይኽ ዛይድ ውስጥ፣ በግንብ ከታጠሩት መንደሮች በአንዱ የምትሠራ እህታችን ታማ ሆስፒታል ሞተች። ወረቀቱን አንብቦ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚያወጣት ሰው ጠፋ። ቀን ሲቆጠር አንዱ «ናስር ሲቲ አንድ ኡስታዝ አሉ» አለን። መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲሉ ዋሉ። ሲቆጧቸው «ማሌሽ፣ ይቅርታ» ይላሉ፤ ሲያባርሯቸው በሌላ በር ይገባሉ። ወረቀቱ አለቀ። ለፍትሐቷ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እሳቸው ደጅ ቀሩና «ቦርሳችሁን ለእኔ ስጡኝ፤ እናንተ በሁለት እጃችሁ አልቅሱ» አሉን። ስንወጣ ሰባት የሴት ቦርሳ በክንዳቸው ተንጠልጥሎ ቆመዋል። አላፊ አግዳሚው እያየ ይስቃል፣ እሳቸው ሰላምታ እንደቀረበላቸው ሁሉ አጸፋውን ይመልሳሉ።

እድር ስናቋቁም ዳኛ ይሁኑልን ብለን እግራቸው ላይ የወደቅነው ለዚህ ነው። አብዛኞቻችን ክርስቲያኖች፣ ሁላችንም ማለት ይቻላል የሰው ቤት ሠራተኞች፤ ዳኛችን ደግሞ የወሎ ኡስታዝ። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ጽሑፌም ያምራል፤ በዚህ እኮራ ነበር። ኡስታዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። «ጸሐፊዋ» ብቻ ነበር የሚሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ስድስት እህቶቻችን በጋራ በተከራዩት ሁለት ክፍል ቤት እንሰበሰባለን። ስብሰባው የሚከፈተው በስም ጥሪ ነው። ኡስታዝ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ቁርኣን እንደሚያስቀሩ ዓይነት በትንሹ ይወዛወዛሉ። ከዚያ ይጠራሉ።

«አስካለ የመርጦ ለማርያሟ።»

«አለሁ።»

«ዘይነብ የከሚሴዋ።»

«አለሁ፣ ኡስታዝ።»

«ሰናይት የደብረ ማርቆሷ። የለችም፤ ማዳሟ ዓርብ አትለቃትም። ጸሐፊዋ፣ ደውዪላት።» ስልኩን በቃላቸው ይነግሩኛል። የማዳሟን ቤት፣ ከየትኛው በር እንደሚገባ፣ ጠባቂው ክፉ ይሁን ደግ ያውቁታል። ያን ሁሉ ሰው ከነስልኩ፣ ከነሰፈሩ፣ አንድም ሳይዘሉ። ልጅ ሆነው መቶ ምናምን ምዕራፍ በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸውና የእኛ ስም አልከበዳቸውም።

በወረቀት የሚፈቅዱልኝ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ስም፣ የእናት ስም፣ አገር ቤት ሬሳ የሚቀበል ሰው። አንድ ቀን ስልክና ሰፈር የሚል መስመር ልጨምር ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ስትሞቱ ወዴት እንደምልካችሁ ወረቀቱ ይወቅ። በሕይወት ሳላችሁ የት እንዳላችሁ ምን አገባው?»

«ቢረሱትስ?»

«እኔ ብረሳው የሚጠፋው ከእኔ ነው። የተጻፈ ነገር ግን እግር አለው፣ ጸሐፊዋ። ተነስቶ ሲሄድ እኔ ሮጬ አልደርስበትም።»

ሳቅን። እኔ ግን በሆዴ የሽማግሌ ግትርነት ነው አልኩ። ያን ክረምት ደም ግፊታቸው ተነስቶ ሦስት ቀን ተኝተው ነበር። እኚህ ሰው አንድ ቀን ቢወድቁ እድሩም አብሯቸው ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ሲጠሩ እየሰማሁ፣ ሲያስደውሉኝ እየያዝኩ ሁሉንም ጻፍኩ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የማን ቤት እንደሚሠሩ። መስመሩን በማስመሪያ፣ በቀይ ቀለም አሰመርኩት። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ሲያልቅ ደብተሩን እያገላበጥኩ ደስ አለኝ፤ እድራችንን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የግድቡ ነገር ጋለ። ሚክሮባስ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ በመስታወት ያየኝና «ሐበሻ ነሽ? ውሃችንን ልትጨርሱት ነው?» ይለኛል። ማዳም ሳህን ሳጥብ ቧንቧውን እያየች ትስቃለች፤ ቀልድ ነው፣ ግን ዓይኗ አይስቅም። እኛ ስለ ወንዙ ከቴሌቪዥን በላይ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ስንታመም የት እንዳለን የማይጠይቁ ሁለት መንግሥታት በአንድ ሰሞን ፈለጉን።

መጀመሪያ የመጣው «ዶክተር» የሚባል ግብፃዊ ነው። ምን ዶክተር እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ቁጥብ፣ ጨዋ፣ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን ይዞ የመጣ። ኡስታዝ ቤት ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ በቴሌቪዥን እንዲቀርቡለት ጠየቀ። «የኢትዮጵያውያን መሪ» ተብለው፣ ሕዝቡ ግድቡን አልፈለገም ብለው እንዲናገሩ። ዓርብ ዕለት ኡስታዝ ራሳቸው አወሩልን።

«እኔን የመረጡኝ ሬሳ እንድሸኝ ነው አልኩት። ስለ ወንዝ የሚናገር ሰው ከፈለግህ ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ ጠይቅ አልኩት።»

«ምን አለ?» አለች አስካለ።

«ማሌሽ አለ። ሻዩን ጨረሰ። ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ፣ ያዕኒ እንዲሁ በጨዋታ፣ ኢቃማዎ መቼ ነው የሚያልቀው አለኝ።»

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ማናችንም አልሳቅንም። ባስቡሳውን ለሕንጻው ጠባቂ ሰጥተውት ነበር።

ከወር በኋላ ደግሞ የእኛው ሰው መጣ። አቶ ብሩክ ይባላል፤ «የዜጎች ድምፅ አስተባባሪ ኮሚቴ» የሚባል ነገር ወክሎ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ሁላችንንም «እህቶቼ» እያለ። ኮሚቴውን ማን እንዳቋቋመው ስንጠይቅ ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ይቀስራል። ሁለት ካርቶን ቲሸርትና ቆብ አምጥቷል። በአንድ ቀለም ለብሰን ፎቶ እንድንነሳ፣ መግለጫ እንድናወጣ፣ የአባላቱ ዝርዝር እንዲሰጠው ፈለገ።

«መንግሥት ዜጎቹን ሊያውቅ ይገባል፣ ኡስታዝ» አላቸው በፊታችን።

«ደግ። እንግዲያው ከአንዷ እንጀምር» አሉት። «ሰናይት ትባላለች። ያለችበትን ፖሊስ ጣቢያ ልንገርዎ። እሷን ይወቁልንና የቀሩትን እኔው በቃሌ አነበንብልዎታለሁ።»

ሰናይትን ስም ሲጠራ ሰምታችኋታል። ፓስፖርቷን ከቀማቻት ማዳም ቤት ወጥታ ሸይኽ ዛይድ ዳር ሚክሮባስ ስትጠብቅ ያለ ኢቃማ ተያዘች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ እናቷ ዘንድ የተወቻት ልጅ አለቻት። ወደ አገሯ እንሸኛት ብለዋል፤ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፣ ሊሴ ፓሴ፣ የፓስፖርት ምትክ። ለዚያች አንዲት ወረቀት ስድስት ወር ጣቢያ ተቀመጠች። ኡስታዝ ሰኞ ሰኞ ዳቦና ሳሙና በፌስታል ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ። አንዳንዴ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

አቶ ብሩክ «ይኼ የራሱ ሂደት አለው» አለ።

«መዝገቡም የራሱ ሂደት አለው» አሉት ኡስታዝ።

ካርቶኑን ተሸክሞ ወጣ። ሲወጣ አንዷ እህታችን ቆብ አስቀርታ ነበር፤ ኡስታዝ አይተው «ለፀሐይ ይሆናል፣ ያዥው» አሏት። ለእኔ ግን ደረጃ ላይ ያሉኝን አልረሳውም። «ባንዲራ አልጠላም፣ ጸሐፊዋ። ግን ሁለት እጄ ባንዲራ ከያዘ ሬሳውን በምን ልያዘው?»

በሳምንቱ ወሬ ተነዛ። ኡስታዝ የግብፅ ሰው ናቸው፣ ግብፆች ይከፍሏቸዋል። በቡድናችን ላይ ስም በሌለው ስልክ ተጻፈ። አንዳንዶቹ እህቶቼ ሰላምታ ነፈጓቸው። ዓርብ ሲጠሯቸው ዝም ይላሉ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «አለች» ብለው ራሳቸው ይመልሱላቸውና ወደ ቀጣዩዋ ያልፋሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንድ ማለዳ አቶ ብሩክ ደወለልኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅሁትም። ጽሑፌን አመሰገነ። ሽማግሌው ነገሩን ፖለቲካ አድርገውት እንጂ የሰናይት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል አለኝ። ወዳጅ አለው፤ ወዳጁ የሚፈልገው ማኅበረሰቡ ከመንግሥቱ ጎን መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዝርዝሩ ከእኛ እጅ አይወጣም፣ እህቴ። ለውስጥ ነው።»

በፊተኛው ሰኞ ሰናይትን አይቻት ነበር። ቅማል ስለበዛ ፀጉሯን ተላጭታለች። ሳሙናውን ተቀብላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ደውላ ነበር?» አለችኝ። ልጇ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መደወል አትችልም። አዎ ደውላለች አልኳት።

በረንዳ ላይ የማዳምን አንሶላ አስጥቼ ጨረስኩ። ደብተሩን አመጣሁ። ሰባት ገጽ ነበር። አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁና ላክሁለት። ወዲያው አየው። «አገር ታመሰግንሻለች» ብሎ መለሰልኝ።

ወረቀቱ አልመጣም። የመጣው መግለጫ ነው። «በካይሮ የሚኖሩ ዜጎች ድጋፋቸውን ገለጹ» ተብሎ፣ ማስረጃ እንዲሆን ሰባቱም ገጾች እንዳሉ በፌስቡክ ወጡ። ክፋት ይሁን እንዝህላልነት ዛሬም አላውቅም። ብዛታችንን ማሳየት ነበር የፈለጉት፤ ሰው መሆናችን ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ማዳም እንግዶች ነበሯት። ሻይ በትሪ ይዤ ሳሎን ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ መስመር አየሁ። በማስመሪያ ያሰመርኩት፣ የእኔው ቀይ መስመር፣ ግድግዳ የሚያክለው ቴሌቪዥን ላይ። ሰፈሮቹን አክብበው በአረብኛ ተርጉመዋቸዋል፤ ሞሃንዲሲን፣ ሸይኽ ዛይድ፣ ናስር ሲቲ። አቅራቢው ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ ይጮኻል። እነዚህ በቤታችሁ ውስጥ ናቸው፣ ልጆቻችሁን እያሳደጉ ስለ እናንተ ለመንግሥታቸው ያወራሉ ይላል።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም አለሽበት?»

«የለሁበትም፣ ማዳም።»

ስሜ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ አናቷ አጠገብ ነበር። አማርኛ አለማንበቧ አተረፈኝ። ሻዩን አንድም ጠብታ ሳላፈስ አዞርኩ። 

ሌሎቹን ግን ማንም አላተረፋቸውም። ሰፈራቸውን በቴሌቪዥን ያዩ የሸይኽ ዛይድ መንደሮች ጠባቂዎች ልጆቹን በር ላይ መመለስ ጀመሩ። ከአሠሪዎቹ ያባረረም አለ፣ ደሞዝ ከልክሎ ያባረረም አለ፣ ለፖሊስ የደወለም አለ። ሁለት ክፍሉ ቤት በሻንጣ ተሞላ። ዓርብ ዕለት መቀመጫ ስላልነበረ ቆመን ነው የተሰበሰብነው። ስም አልተጠራም።

«ማነው የሰጣቸው?» አለች አስካለ። ስምንት ዓመት ካገለገለችበት ቤት በፌስታል ተባርራ የመጣችው በዚያው ጠዋት ነው። «ያ ጽሑፍ ከዚህ ክፍል ነው የወጣው። ማነው?»

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልናገር ከፍቼው ነበር።

«መዝገብ የዳኛ ነው» አሉ ኡስታዝ ይመር ከበሩ ሥር። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ከእጄ ወጣ። ይቅር በሉኝ።»

 ከዚያ አስካለ ያን ሁሉ ዘመን አንቱ ያለቻቸውን ሰው አንተ አለቻቸው። «አንተ ሰላቶ!» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኮታቸውን የጎተተም ነበር። እሳቸው አንዴም ወደ እኔ አልተመለከቱም።

ደረጃ ላይ ተከትያቸው ወረድኩ። እያለቀስኩ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክርኔ ያዙኝ።

«የፊደልሽ ማማር!» አሉ። «ከቴሌቪዥን ላይ እንኳ ይነበባል።»

«ልመለስና እኔ ነኝ ልበላቸው፣ ኡስታዝ። በናትዎ።»

«ኸላስ፣ ተይው። እኔን ከነገ ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ አያስቆሙኝም፤ ዳኛ ተብዬ ስሜ አብሮ ወጥቷል። አንቺን ደግሞ እነዚህ በንዴት ለማዳምሽ ነግረው ካስባረሩሽ ሰኞ ሰኞ ለሰናይት ማን ሊወስድላት ነው?»

ይኼ ነበር ሒሳባቸው። ስለ እኔ ክብር አልነበረም፤ ስለ ራሳቸውም አልነበረም። አንድ ሰው ከጣቢያው በር እንዳይጠፋ ነው። ሰዎች ደግ ነበሩ ሲሏቸው እናደዳለሁ፤ ደግነት የሚለው ቃል ለዚህ ያንሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመናገር አቅም የለኝም። ለጥያቄ ተጠርተው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተጠሩ። ኢቃማቸው አልታደሰም። ወላጆች ልጆቻቸውን ከቂርኣት ትምህርቱ አስወጡ። በዚህ በኩል የግድቡ ሰላይ ተባሉ፤ በአገር ቤት በኩል ደግሞ የአቶ ብሩክ ኮሚቴ የግብፅ ተላላኪ ማለቱን አላቆመም ነበር። አንድ ጊዜ በስልክ እየሳቁ «ጸሐፊዋ፣ ሁለት አገር እኩል የተስማማብኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» አሉኝ። አብሬያቸው ልስቅ ሞከርኩና አቃተኝ።

እድሩ ፈረሰ። አንዳንዶቹ ወደ አገር ቤት ተሸኙ፣ አንዳንዶቹ በሊቢያ በኩል ሄዱ፣ የአንዳንዶቹን ወሬ የሰማ የለም። ኡስታዝ ግን ዓርብ ከሰዓት እየደወሉልኝ ስም ይጠራሉ።

«አስካለ የመርጦ ለማርያሟ።»

«የለችም፣ ኡስታዝ። ስልኳም አይሠራም።»

«ዘይነብ የከሚሴዋ።»

«የለችም። ለምንድነው የሚጠሯቸው?»

«እንዳይጠፉብኝ ነዋ።»

ሰኞ ሰኞ ለሰናይት ወሰድኩላት። አራት ሰኞ። በአምስተኛው ፖሊሱ ፌስታሌን ሳይቀበለኝ «እዚህ የለችም» አለኝ። ወዴት ወሰዷት ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውራ ይሆናል፣ ተሸኝታም ይሆናል። ደብረ ማርቆስ እናቷ ጋ ደወልኩ፤ አልደረሰችም። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። ለኡስታዝ በስልክ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ያን ቀን ዝም ያሰኘሁሽ በከንቱ ነው» አሉኝ። ከእሳቸው አንደበት የሰማሁት የመጀመሪያው ተስፋ የቆረጠ ቃል ይኼ ነው።

ቀጥሎ ደም ግፊታቸው ግማሽ አካላቸውን ያዘው። ምላሳቸው ተመለሰ፤ ስሞቹ ግን አልተመለሱም። ዓርብ ይደውሉና አስካለ ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። «ከአስካለ ቀጥሎ ማን ነበረች?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን «ጸሐፊዋ፣ ያ ደብተር አለሽ? የሰናይትን ስልክ ልይበት» አሉኝ። ዕድሜ ልኩን ወረቀት የፈራ ሰው ደብተር ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ በዚያው በፈረሰው ዓርብ በማዳም ምድጃ ላይ አቃጥዬዋለሁ። የለኝም አልኳቸው። «አብሽሪ» አሉ፤ እኔን ያጽናናሉ። በመጨረሻው ዓርብ የእኔንም ስም ፈልገው አጡት።

ባንዲራው በተለጠፈበት ቀን ተቀብረው ነበር። ሦስት የወሎ ተማሪዎች፣ የሕንጻው ጠባቂና ፉል ሻጩ ናቸው የቀበሯቸው። እኔ ሳልደርስ አለቀ። እድር አልነበራቸውምና።

በሳምንቱ የአቶ ብሩክ ኮሚቴ ሞሃንዲሲን አዳራሽ ተከራይቶ የሐዘን ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። ሄድኩ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ግን ሌላ የሚያለቅስላቸው ሰው ይኖራል ብዬ አላመንኩም። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ብዙዎቹ አዲስ የመጡ፣ እሳቸውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች። ቲሸርት ለብሰዋል። ፎቷቸው ከነባንዲራው ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል። ከፎቶው ጠርዝ፣ ባንዲራው ካልሸፈነው ቦታ፣ የፉል ጋሪው ጎማ ትንሽ ትታያለች።

አቶ ብሩክ ተናገረ። ኡስታዝ ይመር ለአገራቸው ሉዓላዊነት በጠላት ከተማ የታገሉ ናቸው አለ። ታሪካዊውን የዜጎች መዝገብ ለመንግሥታቸው ያበረከቱ ጀግና ናቸው አለ። ተጨበጨበ። ተነስቼ ልጮህ ነበር፤ ምን ብዬ? እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ ብዬ? ዳኛው ዝም ያሰኙኝን በሞቱ በሳምንታቸው ልፈታው አልቻልኩም። ወይም ፈራሁ። ፈራሁ ብል ነው የሚሻለው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወረቀት መዞር ጀመረ። ከላይ «የሐዘን መግለጫ» ይላል። ከሥሩ በኮምፒውተር የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር። ልጆቹ እየተቀባበሉ ይጽፋሉ፣ ማንም አይጠይቅም።

አቶ ብሩክ ከመድረክ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሽቶው ይከረፋል። «የሰናይትን ጉዳይ አልረሳነውም፣ እህቴ» አለኝ በጆሮዬ። «የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አግኝተናል። ዝርዝራችን ሲሟላ በዚህ ዓመት እንጨርሰዋለን።»

ውሸቱን ነው። ውሸቱን መሆኑን ሲጀምር ነው ያወቅሁት። ግን በዚህ ከተማ፣ በዚያም አገር፣ ሰናይት የሚለውን ስም እያነሳ የሚያናግረኝ ሰው ከእሱ ሌላ አልቀረም። ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ልጇ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች።

ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ። እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ስሜን ጻፍኩ። ስልኬን ጻፍኩ። ሰፈር የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ፎቷቸውን አየሁ፤ ከዚያ ሞሃንዲሲን ብዬ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ፣ አጥርቼ ጻፍኩ። አጠገቤ ላለችው ልጅ ወረቀቱን አቀበልኳት።